ቀበቶ ያሰረ ሹፌር ይደፍራል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ መኪናና መንገድ አስተማማኝ በሆኑ ቁጥር ሹፌር ጥንቃቄውን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?

ተጠራጣሪው፦ ይቀንሳል እንጂ! ፍሬኑ እንደሚይዝለት ያወቀ ሰው ዘግይቶ ነው የሚረግጠው። የሙኒክ ታክሲዎችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ድርጅት ታክሲዎች ለከፊሎቹ ኤቢኤስ ተገጠመላቸው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ማለት ነው። ሹፌሮቹ ኩርባ ላይ በኃይል መታጠፍ፣ ከፊታቸው ያለውን መኪና ተጠግተው መንዳት አመጡ። አደጋውም አልቀነሰም። ኢኮኖሚስቱ ሳም ፔልዝማን እ.ኤ.አ. በ1975 የተከራከረው ይህንኑ ነው፦ መኪና ውስጥ ያለው ሲተርፍ ውጭ ያለው እግረኛ ይጎዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እግረኛ ኤርባግ የለውም።

ደጋፊዋ፦ ወንድሜ፣ የእግረኛው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ፍሬንና ቀበቶን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው። ኤቢኤስን ሹፌሩ በእግሩ ያውቀዋል፣ ጥቅሙን እዚያው ያየዋል፣ ስለዚህ ይመካበታል። ቀበቶን ግን አስሮ ትንሽ እንደሄደ ይረሳዋል። የረሳው ነገር እንዴት አድርጎ ያደፋፍረዋል? የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል ደግሞ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የፔልዝማንን ስሌትም ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም፤ ድፍረቱ ቢኖር እንኳ ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ አይበላውም ነው ያሉት።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ቀበቶውን ልተውልሽ። ፍርሃት እንደሚሠራ ግን አትክጂ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1967 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትቀይር አደጋ ይበዛል ሲባል ጭራሽ ቀነሰ። ለምን? ሁሉም ፈርቶ ስለነዳ።

ደጋፊዋ፦ ቀነሰ፣ ከዚያስ? ሰዉ ሲለምደው አደጋውም ወደነበረበት ተመለሰ። ፍርሃት አይከርምም። አደባባይና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግን ቢለመዱም ባይለመዱም ሹፌሩን ያዘገዩታል፤ ጉብታን በፍጥነት የዘለለ መኪናው ነው የሚሰበረው። ደግሞ ሹፌር ባህሪውን ከመንገዱ ጋር ያስማማል ካልክ፣ መንገዱን እግረኛውን በሚያድን መልክ እንሥራው ነዋ! ጠበብ ያለ መስመር፣ ከፍ ያለ ማቋረጫ።

ተጠራጣሪው፦ በዚህስ አልከራከርሽም። ግን ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ተሠርቶ «አሁን አደጋ ይቀንሳል» ሲባል ዝም አልልም። እንዲህ ያለ መንገድ ሲያገኝ ሹፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፣ ልጇን ይዛ ለመሻገር የቆመች እናት ደግሞ ከበፊቱ የሰፋ አስፋልት፣ ከበፊቱ በፈጠኑ መኪኖች መሀል ማቋረጥ አለባት። ለሷ ምን ተጨመረላት?