ኦፒየም «የቻይናውያን ባህል» ሲባል የኖረው ለማን ጥቅም ነው?

በሲንጋፖር፣ እንዲሁም ዛሬ የማሌዥያ ክፍል በሆኑት በፔናንግና በማላካ የነበረውን የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የሚከላከሉ ሰዎች፣ ኦፒየም የተባለውን ሱስ አስያዥ ዕፅ ማጨስ ቻይናውያን ስደተኞች ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ልማድ እንደነበረ፣ መንግሥትም ልማዱን ከመታገሥ ያለፈ ነገር እንዳላደረገ ሲናገሩ ይሰማል። በዚህ አልስማማም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከቅኝ ግዛቱ ዓመታዊ ገቢ ግማሽ የሚጠጋው ከኦፒየም ይሰበሰብ ነበር፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስገባ ነገር ደግሞ ታገሡት አይባልም።

መንግሥት «ቻንዱ» የሚባለውን ለማጨስ የተነጠረ ኦፒየም የማዘጋጀትና የመሸጥ መብት ለቻይናውያን ባለሀብቶች በጨረታ ይሰጥና ኪራዩን ይቀበል ነበር። ባለሀብቱ የከፈለውን የሚያስመልሰው ከወደብ ኩሊዎች፣ ከቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎችና ከሪክሾ ጎታቾች ነው። ሰው ጭኖ ሲሮጥ የዋለ ጎታች ማታ የጀርባውን ሕመም ለማስታገስ አንድ ጊዜ ያጨሳል፤ ውሎ አድሮ የሚሮጠው ለማጨሻው ይሆናል።

የባህል ነው የሚሉት ወገኖች ከሁሉ በላይ የሚዘነጉት፣ ሱሱን አምርረው የተቃወሙት ራሳቸው ቻይናውያን መሆናቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት ኦፒየምን በ10 ዓመት ውስጥ ከአገሩ ለማጥፋት አዋጅ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሐኪሞቹ ሊም ቡን ኬንግና ዪን ሱዋት ቹዋን በሲንጋፖር ፀረ ኦፒየም ማኅበር አቋቋሙ። በፔናንግ ዘመቻውን የመራው ዶክተር ዉ ሊየን ቴ ደግሞ በክሊኒኩ ለሕክምና ያስቀመጠው ጥቂት የኦፒየም መድኃኒት ተገኘበት ተብሎ በ1907 ተከሶ ተፈረደበት። ቻንዱ በየመንደሩ በፈቃድ በሚሸጥበት አገር ሐኪሙ ጥፋተኛ መባሉን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ1908 ባቀረበው ሪፖርት የኦፒየም ጉዳት ተጋንኗል አለ። በ1910 ጨረታው ቀረና መንግሥት ራሱ አምራችና ሻጭ ሆነ፤ ለዚህም በሲንጋፖር ፓሲር ፓንጃንግ ፋብሪካ ነበረው። አጠገቡ ያለው ጉብታ እስከ ዛሬ ቡኪት ቻንዱ፣ ማለትም የኦፒየም ኮረብታ ይባላል።

ለንደን በሩቅ ምሥራቅ ግዛቶቿ ኦፒየም ማጨስ እንደሚከለከል ያስታወቀችው በኅዳር 1943 ነው። ያን ጊዜ ሲንጋፖርም፣ ፔናንግም፣ ማላካም በጃፓን ጦር እጅ ስለነበሩ፣ ከቻንዱ ሽያጭ ወደ እንግሊዝ ካዝና የሚገባ ገንዘብ አልነበረም።