ስንት ሰዓት ትደርሳለህ አትበሉኝ

ዛሬ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከአያት ሜክሲኮ እኮ አንድ መስመር ነው፣ ምን ያማርርሃል?» አለኝ። ሰውዬው የሚኖረው ቄራ ነው። ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ከፈለገ በእግሩ ይመጣል። እንደሱ ያለ ሰው ስለ ትራንስፖርት አስተያየት እንዳይሰጥ በሕግ ቢከለከል ደስ ይለኛል።

የእኔ ችግር የመንገዱ ርዝመት አይደለም። ቀስ ብሎ መሄዱም አይደለም። «ከአያት ሜክሲኮ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ተብሎ ቁርጡ ቢነገረኝ፣ እሺ ብዬ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን በአርባ ደቂቃ ከች እላለሁ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወጥቼ፣ በዚያው መንገድ ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ እቀራለሁ። ለምን? ሹፌሩ አያውቅም። ትራፊክ ፖሊሱም አያውቅም። አለቃዬ ብቻ ሁልጊዜ ያውቃል፤ «ቀደም ብለህ ብትነሳ ኖሮ» ይለኛል። ከዚህ በላይ ቀደም ብዬ ልነሳ ካልኩማ ጭራሽ አለመተኛት ነው።

ከታክሲ እንጀምር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ሰልፉን እንኳ እችለዋለሁ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፣ ተራ አስከባሪውም ጣልቃ የሚገባውን ይጮህበታል። የማልችለው ቆረጣውን ነው። ታፔላው ረጅሙን መስመር ይላል፣ ረዳቱ «መገናኛ ብቻ! መገናኛ ብቻ!» ይላል። መገናኛ ያራግፉንና ያው ታክሲ፣ ያው ሹፌር፣ ያው ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ መጣራት ይጀምራሉ። የተነሳሁበት ወንበር ገና ሙቀቱ አልወጣለትም፣ ሁለተኛ እከፍልበታለሁ። «ታፔላህ እኮ…» ስል «ፋዘር፣ ካልተመቸህ ሌላ ያዝ» ነው መልሱ። ፋዘር! ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ እኮ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ አራተኛ ይጨመራል። ጋቢና ያገኘ ንጉሥ ነው። ሞተሩ ላይ የደረሰው ግን እንደ ዳቦ ከሥር እየተጋገረ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጉልበቱን ከማያውቀው ሰው ጉልበት ጋር አቆላልፎ ነው የሚሄደው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን የሚደርሰኝ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ሃያ ሁለት ስንደርስ ሱሪዬ በላብ ተጣብቋል። «መስኮቱን ትንሽ ክፈቱልን» ስል ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ብርድ ይመታኛል ልጄ» ይላሉ። እናት ናቸው፣ ምን ይባላል። ተዘግቶ ይቀራል።

አውቶቡስ በአጭሩ፤ ርካሽ ነው፣ እድሜ ይስጠው፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ሃይገሩም ያው። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያመላልሱት አውቶቡሶች አሉ፣ እኔ የግል መሥሪያ ቤት ስለሆንኩ አይመለከቱኝም። ሲያልፉ ቆሜ ማየት ግን አልተከለከልኩም።

ባቡሩ ነው ሆዴን የሚበላኝ። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በኢትዮጵያ ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአያት ተነስቶ፣ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች! ቤቴንና ቢሮዬን አይተው የዘረጉት ነው የሚመስለው። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ደግሞ በራሱ ሐዲድ ነው የሚሄደው፣ መገናኛ ቢዘጋ ባይዘጋ ግድ የለውም። ስንት ሰዓት እንደምደርስ አውቄ ከቤት የምወጣበት ዘመን መጣ ብዬ ነበር። 41 ባቡር ነበር የመጣልን። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ለመለዋወጫው የሚሆን ዶላር ጠፋ፣ ባቡሮቹም አንድ በአንድ ቆሙ። የቀሩት ናቸው ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚሸከሙት። ጠዋት መነሻው ላይ ስለምሳፈር ቢያንስ መቆሚያ አገኛለሁ። ማታ ሜክሲኮ ላይ ግን በሩ ሲከፈት ውስጥ ያለው ሰው አፍጥጦ ያየናል፣ እኛም አፍጥጠን እናየዋለን፣ በሩ ይዘጋል።

«በስልክ ጥራ» ትሉኛላችሁ። ጠራሁ። ሹፌሩ ደወለ። «ወንድሜ መድረሻህ የት ነው?» «አያት።» ዝም። «ካሽ ነው?» «ካሽ ነው።» «እሺ መጣሁ… አንተ ግን ካንስል አድርገው።» ይኼ እንግዲህ ዝናብ በሌለበት ቀን ነው። ዝናብ ከጣለ መድረሻህን የሚጠይቅህም አይገኝ። ቢገኝስ? የሚቆመው ሁሉም የቆመበት ሰልፍ ውስጥ ነው፣ ልዩነቱ ሂሳቡ እየቆጠረ መቆሙ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ጥሩ ነው። ግን ኤሌክትሪኩም መገናኛ ላይ ይቆማል። አያጨስም እንጂ ይቆማል።

እንግዲህ ወደ ሞተሬ ልግባ። ድሮ ሞተር ነበረችኝ። የቻይና፣ 150 ሲሲ፣ ቀይ። ጠዋት ስነሳ ስንት ሰዓት ቢሮ እንደምደርስ አውቅ ነበር። ይኼው ነው፣ ሌላ ምንም አልፈልግባትም። መኪናው ተደርድሮ ሲቆም እሷ በመሃል ሹልክ ትላለች። በአንድ ሊትር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፣ ደርሼ ተመልሼ ይተርፈኛል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ይቺን ሂሳብ ባላስባት ይሻለኛል።

ሞተር ምቾት ነው የሚል ሰው ግን በሐምሌ ነድቶ አያውቅም። ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በላስቲክ አስሬ ነው የምወጣው። ፌስታሉ ሲኤምሲ ሳልደርስ ይቀደዳል። ውሃ ያቆረ ቦታ ስታይ ኩሬ ይሁን ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ የምታውቀው ከገባህበት በኋላ ነው። ታክሲ ፊትህ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ረዳቱ በሩን በርግዶ ዱብ ይላል። ከኋላ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ያንባርቅብሃል፤ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት ወዶ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ እግሩ ተሰብሮ ወራት ተኝቷል። እናቴ ማታ የሞተሯን ድምፅ ካልሰማች እህል አይወርድላትም ነበር። አደገኛ ነው፣ አልክድም።

የታገደው ግን በአደጋው አይደለም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ የተባለው በዘረፋው ምክንያት ነው። ዘረፋውም ውሸት አልነበረም። ሁለት ሆነው በሞተር ይመጡና የኋለኛው ስልክህን ወይም ቦርሳህን ነጥቆ እብስ። ሰው መንገድ ላይ ስልክ ማውራት ፈርቶ ነበር። እኔ ራሴ ሞተሬን አስነስቼ ሴቶች አጠገብ ሳልፍ ቦርሳቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ አልፈረድኩባቸውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ታክሲ ውስጥ ስንቱ ነው ኪሱ የተበረበረው? ታክሲ ታገደ? አልታገደም፣ ደግሞም መታገድ የለበትም። ሌባው ነው የሚያዘው። እኔ ታርጋ አለኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ የማይሰርቅ እጅ አለኝ። ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄጄ «ድርጅት ነህ?» ተባልኩ። «ሰው ነኝ» ስላቸው ሳቁ። እውነቴን ነበር።

ሞተሯ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ሸራ ለብሳ ከረመች። የግቢው ሕፃናት ላይዋ ላይ ወጥተው «ድድድድድ» እያሉ ሰፈሩን ሲያካልሉ ይውላሉ። በመጨረሻ ባቱ ላለው ለአጎቴ ልጅ ላክኋት። አንዳንዴ ይደውልና «ወንድምዬ፣ በአንድ ርግጫ እኮ ነው የምትነሳው» ይለኛል። ይግረምህ ብሎ ድምፅዋንም ያሰማኛል። ጨካኝ ነው።

ዕቃ የሚያደርሱት ግን ፈቃድ አላቸው። እንግዲህ በዚህ ከተማ ከቦሌ አያት በሰዓቱ የሚደርሰው በርገር ነው። በርገር! ከነሙቀቱ! እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ቆሜ፣ የማላውቀው ሰው እራት በአጠገቤ ሽው ብሎ ያልፋል። ብሎካችን ውስጥ ይሄን ሥራ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ክረምት ከበጋ ጉልበቱ ላይ ፋሻ አይጠፋም። አንድ ቀን «ብራዘር፣ ከኋላ ውጣ ላድርስህ» አለኝ። «ትራፊክ ቢይዘንስ?» «የታዘዝክ ዕቃ ነህ እላለሁ።» ሳጥኑ ውስጥ ብገባለት ኖሮ የሚያደርሰኝ ይመስለኛል።

ሥርዓት ማስያዝ አይቻልም የሚለኝ ሰው ኪጋሊ ሄዶ ይይ። ሞተረኛው ሰደርያውን ለብሶ፣ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ፣ ሕዝቡን ያመላልሳል። ሩዋንዳ ሌባ የለም ማለቴ አይደለም። ሞተረኛው ማን እንደሆነ ይታወቃል ማለቴ ነው።

«ብስክሌትስ?» የሚል አለ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ያምራል፣ ለሚጠቀምበት ይባርክለት። እኔ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአያት ሜክሲኮ ፔዳል መትቼ ቢሮ ስደርስ ሻወር የለም፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅም ምን አጠፋች?

«ሜክሲኮ አካባቢ ተከራይ» የምትሉኝ፣ ደላላ ጋ ደውላችሁ ዋጋውን ከሰማችሁ በኋላ እናውራ። «መኪና ግዛ» የምትሉኝ ደግሞ፣ እሺ ገዛሁ እንበል። ነገ ጠዋት መገናኛ ላይ ከፊታችሁ የቆመችው፣ ውስጧ አንድ ሰው ብቻ ያለባት መኪና የኔ ናት። ተመቻችሁ?

የምለው ይሄን ነው። ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜትና ኢንሹራንስ ያለውን ግለሰብ በስሙ መዝግቡትና ሥራው ይሂድበት። ያጠፋውን በታርጋው ያዙት። ይኼ አይሆንም ካላችሁ የቆሙትን ባቡሮች ጠግናችሁ በየአምስት ደቂቃው አምጡልኝ። እሱ ከሆነ የሞተር ነገር ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። ዛሬውኑ ባቱ ደውዬ «ሽጣት፣ ግማሹን ብር ላክልኝ» እለዋለሁ።