ባትሪ መጨረስ ኤርበድን ሪሴት አያደርግም

ሰላም፣ "ስልኩ ከሌላችሁ ኤርበዱን (ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫውን) ቻርጁ ሙጥጥ ብሎ እስኪያልቅ ተዉት፣ ፔር የተደረገበት (በብሉቱዝ የተጣመረበት) ስልክ ከውስጡ ይጠፋል" የሚባለው ነገር በጣም እየተደጋገመ ስለሆነ ላስተካክለው ብዬ ነው። አይጠፋም። ያ መረጃ የሚቀመጠው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም፣ ስልካችሁ ባትሪ ጨርሶ ሲጠፋ ፎቶዎቻችሁ አብረው እንደማይጠፉት ማለት ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ባትሪውን ይጨርስና መልሶ ቻርጅ አድርጎ የድሮው ስልክ ብሉቱዝ እንደበራ አጠገቡ ኬዙን (ማስቀመጫውን) ይክፈት፣ ምንም ሳይነካ ራሱ ሲገናኝ ያየዋል።

የሚያጠፋው ሪሴት (ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ) ነው፣ ለሱም ስልክ የግድ አይደለም። አብዛኞቹ ላይ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ አስገብቶ (አንዱን ብቻ ካደረጋችሁ ግራና ቀኙ ላይናበቡ ይችላሉ) ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ነው። ለምሳሌ ኬዙ ጀርባ ላይ ቁልፍ ያላቸው ኤርፖዶች ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ 15 ሰከንድ ያህል ስትይዙት መብራቱ ብርቱካናማ ብልጭ ብልጭ ይልና ወደ ነጭ ይቀየራል፣ ነጩን ሳታዩ ጣታችሁን እንዳታነሱ። ቁልፍ የሌላቸው ላይ ብዙ ጊዜ ኤርበዱን ራሱን ነክቶ መያዝ ነው፣ ሰከንዱ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ማኑዋሉን እዩ።

ይሄን የምለው ባትሪ ጨርሰው "ጠፍቷል" ብለው ለሌላ ሰው የሚሰጡ ስላሉ ነው፣ ተቀባዩ እዛው ቤት ካለ ኬዙን በከፈተ ቁጥር ወደ ድሮው ስልክ እየሄደ ያስቸግረዋል፣ በዛ ላይ ሊቲየም ባትሪን እየደጋገሙ ሙጥጥ ማድረግ እድሜውን ያሳጥረዋል።