ቃል ሲጠፋ መውጫውንም እናስተምራቸው

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጀማሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ከመናገራቸው በፊት በቂ ቃላትና ሰዋስው ይያዙ ይላል። በዚህ አልስማማም። 3ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ያ "በቂ" የሚባለው ቀን ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ላጲስ ፈልጋ የእንግሊዝኛ ስሙ ጠፋት። ቀደም ሲል ቢሆን አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር። ያን ቀን ግን "ፔንስል… ኖ!" አለችና ደብተሯን በጣቷ ፈገፈገች። ክፍሉ በሙሉ ገባው። ቃሉን የነገርኳት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በየክፍለ ጊዜው አምስት ደቂቃ እንለማመዳለን፦ በምልክት ማሳየት፣ በሚያውቁት ቃል ዞሮ መግለጽ፣ "እባክዎ ይድገሙልኝ" ማለት። የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ልጆቻችን መምህርን ማስደገም ድፍረት ይመስላቸዋል፤ አስተዳደጋችንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ በጣም ፈጥኜ እናገርና እስኪያስቆሙኝ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ያስቆመኝን ልጅ ክፍሉ ያጨበጭብለታል።

ካኔልና ስዌን የተባሉ ምሁራን በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ቃል ሲጠፋ መውጫ የማግኘትን ብልሃት ከሰዋስው ጎን የቋንቋ ችሎታ አንድ ክፍል አድርገው አስቀምጠውታል። በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ዝምታ የለመደ ልጅ ያኔ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ይቀራል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ሆይ፣ እባካችሁ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ለዚህ አምስት ደቂቃ ቦታ ስጡት።