ባህላችን የማን ትከሻ ላይ ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ለአረጋውያን የአጭር ጊዜ ማረፊያ ይከፈት የሚል ሐሳብ ተነሣ። እናት ወይም አባት ለሁለት ሳምንት ይገባሉ፣ አስታማሚው አረፍ ይላል፣ ከዚያ መልሶ ወደ ቤት ይወስዳቸዋል። ይኸው ነው። አንድ ተጋባዥ ግን «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ባህላችን ይበቃናል» ብለው ዘጉት። ተጨበጨበላቸው።

እስቲ ይህን ባህል ቤቱ ድረስ ሄደን እንየው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ስትሮክ አልጋ ላይ የጣላቸው እናት አሉ። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ማዞር ያስፈልጋል፤ ሌሊትም ጭምር። ማን ያዞራቸዋል? ያላገባችው ልጅ ናታ! ወንድሞቿ እሁድ ሙዝና ብርቱካን አንጠልጥለው ይመጣሉ። «ምርቃቱ የአንቺ ነው» ብለዋት ከምሳ በኋላ ውልቅ ይላሉ። ዘመድ ይደውላል። ጎረቤት ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ዳይፐሩን የምትቀይረው እሷው። ሥራ ካላት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለከባድ ችግር የሚፈቅድላት ያለ ደመወዝ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በዓመት ሁለቴ ብቻ። በ5 ቀን የሚድን ስትሮክ የት ነው ያለው? እኚህን ተጋባዥ «የእናትዎን ገላ የሚያጥበው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ መጥፋቱ አናደደኝ።

«ልጆች ጥለዋቸው ይጠፋሉ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። መጣል የፈለገ ሰው ማረፊያ እስኪከፈትለት አይጠብቅም። መቄዶንያ ከጎዳና ያነሣቸው አረጋውያን ጎዳና የወጡት ማረፊያ ስለነበረ ነው እንዴ?

እናቱን ይዞ ሁለት ሱባኤ ጸበል የሚከርም ስንት ሰው አለ። ጣላቸው ያለው የለም። በእርግጥ እዚያም እግራቸው ሥር የምትተኛው ያችው ልጅ ናት።

ፈረንጅ ከተባለ ጀርመንን እንይ። የእንክብካቤ ኢንሹራንሱ ለእንዲህ ያለ ቆይታ በዓመት እስከ 8 ሳምንት ወጪ ያግዛል። እዚያም ግን እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 10 ሰዎች ከ8 የሚበልጡት የሚኖሩት ቤታቸው ነው። የታለ የተጣለው?

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። በየክፍለ ከተማው አሥር አልጋና ጥቂት ነርስ ለመጀመሪያ ይበቃል። ገንዘብ የለም ከተባለ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር።