«ታማኝ፣ ግን ዕድለ ቢስ»

አጥንት ቆጥሮ ማድነቅን የሚነቅፉ ሰዎች ምቀኞች ናቸው። እንግሊዞችን ተመልከቱ! ከኦክስፎርድ አለፍ ብሎ፣ ዉድስቶክ አጠገብ፣ ብሌንሃይም የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ የሰው ሳሎን ያያል፣ «አቤት ጨዋ ዘር!» ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከወዴት ይገኛል?

ባለቤቶቹ የማርልቦሮ መስፍኖች ናቸው (ሲጋራውን አላልኩም)። ጋሻቸው ላይ በስፓኒሽ «ታማኝ፣ ግን ዕድለ ቢስ» ተብሎ ተጽፏል። ከታማኝነቱ እንጀምር። የመጀመሪያው መስፍን ጆን ቸርችል ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት የገባው በእኅቱ በአራቤላ በኩል ነው፤ የንጉሡ ወንድም ውሽማ ነበረች። ያ ወንድም ጄምስ 2ኛ ተብሎ ሲነግሥ ጆንን በጄኔራልነት ሾመው። በ1688 (ዘመኑ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) የኦሬንጁ ዊልያም የጄምስን ዙፋን ሽቶ ከሆላንድ ባሕር ሲሻገር፣ ጆን በሌሊት ተነሥቶ ወደ ዊልያም ሰፈር ገባ። ታማኝ ነው፤ ለማን እንደሆነ ጋሻው አይናገርም።

ዕድለ ቢስነቱ ደግሞ አንጀት ይበላል። በ1704 ዳኑብ ወንዝ አጠገብ፣ ብሌንሃይም በሚባል መንደር (የቤተ መንግሥቱ ስም ከዚያ ነው)፣ የፈረንሳይንና የባቫሪያን ጦር ስለመታ ንግሥት አን የዉድስቶክን ርስት ሰጠችው፤ የግንባታውንም ወጪ መንግሥት ያዘለት። ምስኪኑ ቤተሰብ በምላሹ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 13 አንዲት የሐር ባንዲራ ለንጉሡ ቤት ለዊንዘር ያስረክባል። ዛሬም አልቀረለትም! እኔም አከራዬ ባንዲራ ይቀበል እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

የመስፍኑ ሚስት ሣራ የንግሥቲቱ የልብ ጓደኛ ነበረች። ሲኳረፉ የመንግሥት ገንዘብም ደረቀ። እመቤቲቱ ከአርክቴክቱ ከቫንብራም ጋር ተጣልታ ስለነበር፣ በ1725 የሥራውን ፍጻሜ ሊያይ ቢመጣ በር አስዘጋችበት። ያነጸው ሰው የተነፈገውን ክብር እኛ በትኬት አገኘነው ማለት ነው።

ስለ ንጹሕ ዘርም ካነሣን አይቀር፣ የመስፍኑ ወንድ ልጅ አስቀድሞ በፈንጣጣ ስለሞተ ፓርላማው ማዕረጉ በሴት ልጅ እንዲተላለፍ ሕግ አወጣ። በ1733 ወራሹ ስፔንሰር የሚባል የልጅ ልጅ ሆነ፤ «ቸርችል» የሚለው ስም የተመለሰው በ1817 ነው። ዘር ሲቋረጥ የሚቀጥል ፓርላማ ይስጣችሁ!

ኋላ ላይ ኪሱ ሳሳ። በ1885 የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የራፋኤልን ሥዕል በ70,000 ፓውንድ ለለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ሸጡ። በ1895 ዘጠነኛው መስፍን የባለጸጋ ልጅ የሆነችውን ኮንሱዌሎ ቫንደርቢልትን ከኒውዮርክ አገባ፤ የሙሽራይቱ ወገን የሰጠው ጥሎሽም 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ሙሽራይቱ እያለቀሰች በእናቷ ግዴታ ነው የተዳረችው። ቢሆንም ጣሪያው ታደሰ።

በ1950 በሩ ለሕዝብ ተከፈተ። እኅት፣ ንግሥት፣ ሙሽራ በየተራቸው ከፍለው ነበርና፣ አሁን ወረፋው የእኛ ነው። እባካችሁ አትጋፉ፤ ትኬት አለ።