ጎበዝ ልጅ ሶሻል አይገባም አሉ

የእህቴ ልጅ ጂኦግራፊ ትወዳለች። ፈተና ላይ ጥሩ ነጥብ ታመጣለች ማለቴ ብቻ አይደለም። የአዋሽን ተፋሰስ ከቆቃ እስከ አፋር በእጇ ስላ በቀለም እርሳስ ያቀለመችበት ደብተር አላት። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ በሁለት መስመር ከብባዋለች፤ የውስጠኛው ድሮ የነበረበት፣ የውጭኛው አሁን የደረሰበት ነው። ባለፈው ክረምት አዳማ ስገባ ገና ሻንጣዬን ሳልከፍት፣ «አክስቴ፣ አብያታ እየሸሸ በሰቃ ለምንድን ነው የሚሰፋው?» ብላ ያዘችኝ። ሁለቱም እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። አንዱ ውሃው ርቆት ዳርቻው ነጭ አፈር ሆኗል፤ ሌላው አስፋልቱንና ሐዲዱን ሲፈታተን ኖሯል። እኔ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደምና ሽንት የምመረምር ሰው ነኝ፣ ስለ ሐይቅ ምን አውቄ! እሷ ግን መልሱን ራሷ ጀምራዋለች። ወደ አብያታ ሊሄድ የሚገባውን ውሃ መስኖ እየጠለፈ ይጠጣዋል፤ በሰቃ ዘንድ ደግሞ ከመስኖ እርሻው የተረፈው ወደ ሐይቁ ይሰርጋል። «ታዲያ እርሻ ሐይቅ ያደርቃል ወይስ ያሰፋል?» አለችኝ።

ይህች ልጅ አሥረኛ ክፍልን ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ጨረሰች። ውጤቷ በገባ ዕለት ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ ጉዳዩ አለቀ። ናቹራል ትገባለች። ያስገደዳት የለም፣ የተቆጣትም የለም፣ የጠየቃትም የለም። ነገሩ ጥያቄ መሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ አፌን አላስችል ብሎኝ «ሶሻል ብትገባስ?» አልኩ። ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ሁለተኛ ወጥታ? ምን ሆና ነው ልጄ?» አሉኝ።

የእህቴ ባል የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሒሳብ የሌለበት ነገር አይናገርም። «ናቹራል የተማረ ሲፈልግ ወደ ሶሻል ይዞራል፣ ሶሻል የገባ ግን የትም አይዞርም» አለኝ። ቀጥሎ ማስረጃውን አወጣ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ አላፊዎች ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ልከራከረው አልቻልኩም። ግን ጎበዙን ሁሉ ለቅሞ ወደ አንድ ወገን ከላኩ በኋላ ሌላኛው ወገን ወደቀ ብሎ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ሱቁ ውስጥ እንዲህ ቢያሰላ ኖሮ እስካሁን ይከስር ነበር።

በእሱ ብቻ መፍረድም አይገባም። መንግሥትስ ቢሆን ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ሰባው በመቶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በመቶ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ብሎ ዓመታት አልመደበም? አባት ይህን ሲሰማ ኖሮ ልጁን ወደ ሠላሳው የሚልክበት ምክንያት የለውም። የሰባው በመቶ ፍሬ ምን እንደሆነ ግን አዳማ ላይ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ከመናኸሪያ ቤት ያደረሰኝ ወጣት በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ ነው። የእህቴን ልጅ ወሬ ስነግረው በመስታወቱ አየኝና «ናቹራል ትግባ፤ ባጃጅም ሲበላሽ ይጠቅማል» አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ወደ ቨርጂኒያ የተመለስኩት። የካቲት ላይ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ የትምህርት መምረጫ ቅጽ ይዛ መጣች። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ የመሬት ሳይንስ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ሥነ ፈለክ፣ የሰውነት አካላት ጥናት፣ የወንጀል ምርመራ ሳይንስ፤ እንደ ሰርግ ቡፌ ነው፣ ሳህን ይዞ መዞር ብቻ። እያንዳንዱም መደበኛ አለው፣ ከፍ ያለ አለው፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ የኮሌጅ ደረጃ የሆነ አለው። ልጄ የአራት ዓመት ዕቅዷን አውጥታ ጨርሳለች። ባዮሎጂ፣ የመሬት ሳይንስ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ የወንጀል ምርመራ። ኬሚስትሪ የለም። ፊዚክስ የለም። «ፊዚክስስ?» ስላት «አያስፈልገኝም እማዬ» አለችኝ። ቅጹን ሳየው እውነቷን ነው። በዚህ ግዛት ለመደበኛው ዲፕሎማ ሦስት የሳይንስ ክሬዲት ይበቃል፣ ለከፍተኛው አራት። ከተለያየ ዘርፍ መሆን አለበት ይላል እንጂ ኒውተንን ሳታይ አትመረቂም የሚል የለም። ሰው ጨረቃ ላይ አሳርፎ የመለሰ አገር ልጄን ያለ ፊዚክስ ሊሸኛት ቅጽ አትሞ ሰጣት!

ያበሳጨኝ ምርጫው ብቻ አይደለም። ይህች ልጅ በዚያው ሰሞን እጇ እንጆሪ እንጆሪ እየሸተተ ከትምህርት ቤት መጥታ ነበር። እንጆሪውን በከረጢት ጨፍልቀው፣ በሳሙናና በጨው ውሃ አሽተው፣ አጣርተው፣ በላዩ ቀዝቃዛ አልኮል ሲያፈሱበት ዲኤንኤው፣ ያ የዘር ቅንጣቱ፣ ነጭ ክር ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። በዓይኗ አይታዋለች። በእንጨት ጠቅልላ አውጥታዋለች። «እንዴት ነበር?» ስላት «ያሰለቻል» አለችኝ። ያሰለቻል!

እኔ አዳማ በ1980ዎቹ ስማር የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ እንደተቆለፈ ነበር። በመስኮቱ ተንጠራርተን ነበር የምናየው፤ አቧራ የለበሰ ማይክሮስኮፕ፣ በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ የተጠመዘዘ እባብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጥንት ሥዕል። መምህራችን ጎበዝ ነበሩ፤ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ቡሬቱን፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበትን ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ከነቧንቧው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥሉልናል፣ ጠብታዎቹን ሳይቀር አንድ በአንድ። ፌኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም አመልካች፣ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ሲገባ ሐምራዊ ወደሚመስል ሮዝ ይለወጣል ብለውናል፤ ጽፈናል፣ ሸምድደናል፣ ፈተና ላይ መልሰናል። ጠመኔው ግን ነጭ ነበር። ያንን ሮዝ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚህ አገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ጎን ቆሜ ነው። ቀመሩን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ መምህሯ ስትጠይቅ ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነኝ። ቡሬቱን ክፈቺ ስባል ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ጠብታ ወረደ፣ ሮዝ ሆነና ጠፋ። ሌላ ወረደ፣ ሮዝ ሆነና ጠፋ። ከዚያ አንዱ ወርዶ ቀለሙ ቀረ። ጎኔ የነበረው ልጅ ስልኩን እየነካካ ነበር። እኔ እንባዬ መጣ፤ በመነጽሩ ተከልዬ ዳንኩ እንጂ መሳቂያ እሆን ነበር።

አዳማ ስሄድ ታዲያ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነበር። «ላቦራቶሪ ትገባላችሁ?» የእህቴ ልጅ «አለን እኮ፣ ቁልፉን የያዙት መምህር ተዛውረው ነው» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነገር ነው፣ እንዲያውም መምህሩን ልትከላከልላቸው ፈለገች። ከከተማው ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተሰልፈው ይዞራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜጋ ዋት ተኩል የሚያመነጩ። ማግኔትና ሽቦ ሲንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚፈጠር የሚናገረውን የፋራዳይን ሕግ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳታዛንፍ በቃሏ ትወጣልኛለች። ከተርባይኖቹ ሥር ግን ማንም ወስዷት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነው እንግዲህ ሳይንስ ብለን የደረጃ ተማሪ ሁሉ ግባበት የምንለው። በሰቃ የት ይመደብ ታዲያ? የውሃው ነገር ኬሚስትሪ ነው፣ መሬቱ ጂኦግራፊ፣ እርሻው ኢኮኖሚክስ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አጥሩ ይታጠርና ግማሹ ጥያቄዋ ወዲያ ማዶ ይቀራል። መስከረም ላይ ናቹራል ተመዝግባለች። ስደውልላት ስለ ሐይቁ እጠይቃታለሁ፤ «ጊዜ የለኝም አክስቴ፣ ማጠናከሪያ አለ» ትለኛለች።

ወደ እኔው ጉድ ልመለስ። ፊዚክስ ካላስገባሁ ብዬ የምርጫ ቅጹን ይዤ ስቀመጥ ነው ሌላው ነገር የተገለጠልኝ። እዚህ ቡፌው ክፍት ነው ይበሉ እንጂ በሩ ቀደም ብሎ ተዘግቷል፤ የዘጋው ደግሞ ሒሳብ ነው። አልጀብራ አንድን በሰባተኛ ወይም በስምንተኛ ክፍል የወሰደ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ዘጠነኛ ላይ የጀመረ አይደርስም፤ ካልኩለስ የሌለው ደግሞ ያንን የኮሌጅ ደረጃ የሆነውን ጠንካራውን ፊዚክስ አይነካም። ልጄ አሁን አልጀብራ አንድ ላይ ናት። ሰባተኛ ክፍል እያለች ስለ ሒሳቡ ምደባ ጠይቄ ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ «በጣም ጥሩ ላይ ናት፣ አትጨነቂ» የሚል ነው። እዚህ አገር «አትጨነቂ» ሲሉ መጨነቅ እንዳለብን የሚነግረን ሐበሻ የለም። ፈረንጁ ጎረቤቴ ልጁን ስድስተኛ ክፍል ላይ እያለ ነው ያስፈተነው፤ እሱ ወንድሙ የተማረበትን መንገድ ያውቃል፣ እኔ ማንን ልጠይቅ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገናኝ የምናወራው ልጆቻችን ሁሉንም ኤ ማምጣታቸውን ነው። በየትኛው ሒሳብ ነው ኤ ያመጡት ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም፤ እኔ ሰሞኑን መጠየቅ ጀምሬ ጥቂት ሰው አኩርፎኛል። ያኩርፍ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ የሒሳብ ምደባው ፈተና መቼ እንደሆነ ነገ ጠዋት ጠይቁ፤ አትጨነቁ ሲሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ለልጄ አማካሪ ጻፍኩ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ዕቅዷ ውስጥ ይግቡ፣ ሒሳቡም የሚፈጠንበት መንገድ ካለ ይነገረኝ አልኩ። በማግሥቱ ትሕትና የሞላበት መልስ መጣ፤ ዕቅዱ የልጅሽ ነው፣ ዋናው ነገር በምርጫዋ ደስተኛ መሆኗ ነው፣ ደስተኛ ናት ወይ? ይላል። አዳማ ላይ ልጅቱን ስለ ደስታዋ የሚጠይቅ ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ ከደስታዋ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ጠፋ። ልጄን ጠርቼ አነበብኩላት። «ደስተኛ ነኝ በያት» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔም እንደተባልኩት ጻፍኩ። ልጄ ደስተኛ ናት፣ እኔ አይደለሁም፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ጂኦሜትሪን ወስዳ ብትጨርስ በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት አልጀብራ ሁለት ትገባለች ወይስ አትገባም? ምዝገባውስ መቼ ይከፈታል? ለዚህኛው መልስ አልመጣም። ሰኞ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ሳልተኛ በአካል እሄዳለሁ፤ ልጄ ከወዲሁ «እባክሽ ጋዋንሽን አውልቀሽ ነይ» እያለችኝ ነው።